«እናቴ ከ30 22 አገኘች»፦ ዕድሜ፣ ፆታና ትምህርት የአእምሮ ምርመራ ውጤትን እንዴት ይለውጡታል?



ሰሞኑን በውስጥ መስመር ከደረሱኝ ጥያቄዎች ሁለቱን ላስቀድም። የመጀመሪያዋ ጠያቂ እንዲህ ትላለች፦ «ዶክተር፣ እናቴ 68 ዓመቷ ነው፤ የምንኖረው ፈረንሳይ ለጋሲዮን አካባቢ ነው። አንዳንድ ነገር መርሳት ስትጀምር የአእምሮ ምርመራ አስደረግናት፤ ከ30 22 አገኘች። ከ24 በታች ከሆነ ችግር ነው ተባልን። ቤተሰቡ ሁሉ ተጨንቋል። የመርሳት በሽታ ጀምሯት ነው?»

ሁለተኛው ከኮተቤ ነው፦ «አባቴ ጡረታ የወጣ መምህር ነው። 27 አገኘ። ደህና ነው፣ ዕድሜ ነው ተብለን ተመለስን። እኛ ግን ሰውዬው ተለውጦብናል። ማንን እንመን?»

ለሁለቱም አጭሩ መልሴ አንድ ነው። የአእምሮ ምርመራ ውጤት ብቻውን ትርጉም የለውም። ትርጉም የሚያገኘው በዕድሜ፣ በፆታ፣ ከሁሉ በላይ ደግሞ በትምህርት ከሚመስሉን ጤነኛ ሰዎች ጋር ሲነፃፀር ነው። ከዚያም የሚበልጠው ሰውየውን ከራሱ ከቀድሞው ማንነት ጋር ማነፃፀር ነው። ይህን ካላወቅን ጤነኛዋን እናት በሽተኛ ልንል፣ የታመመውን አባት ደግሞ ጤነኛ ነው ብለን ወደ ቤቱ ልንመልሰው እንችላለን። ዛሬ ይህን ረጋ ብለን እንየው። ጽሑፉ ትንሽ ረዘም ይላል፤ ግን ወላጅ ላለው ሁሉ ይጠቅማል።

1. ምርመራው ምንድን ነው?

በብዛት የሚሠራባቸው ሁለት አጫጭር ምርመራዎች አሉ። አንደኛው «ሚኒ ሜንታል» የሚባለው ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1975 በአሜሪካ የተዘጋጀ ሲሆን ከ30 ይታረማል። ዛሬ ቀኑ ስንት ነው? የት ነው ያለነው? እነዚህን ሦስት ቃላት ያዙልኝ፤ ከ100 ላይ 7 እየቀነሱ ይቁጠሩ፤ አንድ ዓረፍተ ነገር ይጻፉ፤ ይህን ሥዕል አስመስለው ይሣሉ... የመሳሰሉት አሉበት። በተለምዶ ከ24 በታች ሲሆን «ይታይ» ይባላል።

ሁለተኛው «ሞካ» ነው፤ እ.ኤ.አ. በ2005 በካናዳ ሞንትሪያል የወጣ ነው። ይህም ከ30 ነው፤ ግን ከበድ ያለ ስለሆነ መለያው 26 ነው። አዘጋጆቹ ትምህርት ውጤቱን እንደሚነካው ስላወቁ 12 ዓመትና ከዚያ በታች ለተማረ ሰው 1 ነጥብ ይጨምራሉ።

ልብ በሉ፦ ሁለቱም ማጣሪያ እንጂ የመጨረሻ ፍርድ አይደሉም። ትኩሳት ስንለካ 38 ቢወጣ «ወባ ነው» አንልም፤ ምክንያቱን እንፈልጋለን። ይህም እንደዚያው ነው።

2. ዕድሜ ምን ያደርጋል?

ብዙ ሰው አእምሮ እንደ ባትሪ ዕድሜ ሲገፋ ባንዴ እያለቀ የሚሄድ ይመስለዋል። እንደዚያ አይደለም። አእምሮ ብዙ ችሎታዎች አሉት፤ እያንዳንዳቸው የራሳቸው ጊዜ አላቸው።

እ.ኤ.አ. በ2015 የታተመ ሰፊ ጥናት 48,537 ሰዎችን በኢንተርኔት ፈትኖ ነበር። ቁጥርን ከምልክት ጋር በፍጥነት የማዛመድ ችሎታ ከፍተኛ ደረጃ ላይ የሚደርሰው ገና በወጣትነት፣ ከ20 ዓመት አካባቢ በፊትና በኋላ ነው። ነገሮችን ለአጭር ጊዜ በጭንቅላት የመያዝ ችሎታ ከ25 እስከ 35 ባለው ይበረታል። የቃላት እውቀት ግን እስከ 60ዎቹ ድረስ ማደጉን ይቀጥላል።

ወደ ቤታችን እናምጣው። የ25 ዓመት ልጅ አዲስ የስልክ መተግበሪያ በአምስት ደቂቃ ይለምዳል፤ የ65 ዓመት አባቱ ግማሽ ሰዓት ይፈጅበታል። ይህ የፍጥነት ጉዳይ ነው። ሁለት ጎረቤታሞች በወሰን ሲጣሉ ነገሩን ሰምቶ፣ ቃል መርጦ፣ ሁለቱንም ሳያስከፋ የሚያስታርቀው ግን ማነው? ሽማግሌው ነው። ሽማግሌ የምንልከው ለወግ ብቻ አይደለም፤ የተከማቸ እውቀትና የቃላት ሀብት በዚያ ዕድሜ ስለሚበዛ ጭምር ነው።

ስለዚህ በጤነኛ ሰው ዕድሜ ሲጨምር የሚጠበቁት ለውጦች እነዚህ ናቸው፦
- ፍጥነት ይቀንሳል፤ መልሱ ይመጣል፣ ግን ይዘገያል።
- ሁለት ነገር ባንድ ጊዜ መሥራት ያስቸግራል።
- ስም ይጠፋል፤ «ምላሴ ላይ ነበር» ይላሉ፤ ቆይቶ ግን ይመጣል።
- አዲስ ነገር ለመያዝ መደጋገም ያስፈልጋል።

ሌላም ነገር አለ። ዕድሜ በጨመረ ቁጥር በሰዎች መካከል ያለው ልዩነት ይሰፋል። የ75 ዓመት ሁለት ሰዎችን ብንወስድ አንደኛው ከ50 ዓመቱ ጎልማሳ እኩል ሊፈተን ይችላል፤ ሌላኛው ደግሞ በጣም ሊያንስ ይችላል። «ዕድሜ ነው» የሚለው ቃል ብቻውን ምንም የማያስረዳው ለዚህ ነው።

3. ወጣቱን ከአዛውንቱ ማነፃፀር ለምን ያሳስታል?

ዛሬ አንድ ተመራማሪ የካ ክፍለ ከተማ መጥቶ 50 የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎችንና 50 የ70 ዓመት አዛውንቶችን ቢፈትን ልዩነቱ እጅግ ሰፊ ይሆናል። «ዕድሜ አእምሮን ይህን ያህል ይጎዳል» ብሎ ቢጽፍ ግን ተሳስቷል። ምክንያቱም የፈተነው ዕድሜን ብቻ አይደለም፤ ሁለት የተለያዩ ዘመኖችን ነው።

ዛሬ 70 ዓመት የሆናት እናት ለትምህርት የደረሰችው በ1950ዎቹ ዓ.ም. ነው። በዚያን ጊዜ ገጠር የተወለደች ሴት ልጅ ትምህርት ቤት ደጃፍ የመርገጥ ዕድሏ በጣም ጠባብ ነበር። እስከ አብዮቱ ዋዜማ ድረስ ከአገሪቱ ሕዝብ ማንበብና መጻፍ የሚችለው ከመቶ 10 አይሞላም ነበር። ብዙዎቹ እናቶቻችን ፊደል የቆጠሩት በ1971 ዓ.ም. በተጀመረው የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ፣ ጎልምሰው፣ ልጅ አዝለው ነው። እርሳስ የያዙት በስንት ዓመታቸው እንደሆነ ሳንጠይቅ «ይህን ኪዩብ አስመስለሽ ሣይ» ብለን ውጤት መስጠት ፍትሐዊ አይደለም።

በአሜሪካ ሲያትል እ.ኤ.አ. ከ1956 ጀምሮ የተካሄደ ታዋቂ ጥናት ይህን በደንብ አሳይቷል። ተመራማሪዎቹ ወጣትና ሽማግሌን ባንድ ቀን ከማነፃፀር አልፈው ያንኑ ሰው በየ7 ዓመቱ ደጋግመው ፈተኑት። ያኔ የታየው መውረድ ከተጠበቀው ያነሰና የዘገየ ነበር፤ አብዛኞቹ ችሎታዎች እስከ 60 ዓመት አካባቢ ብዙም አልወረዱም። ቀድሞ «የዕድሜ ጉዳት» ይባል ከነበረው አንዱ ክፍል የትውልድ ልዩነት ነበር ማለት ነው።

4. ሴትና ወንድ ይለያያሉ?

ይህ ጥያቄ ሲነሳ ቤት ውስጥ ክርክር ይጀመራል። እስቲ ሳናጋንን እንየው።

በአጠቃላይ የማሰብ ችሎታ ሴትና ወንድ አይበላለጡም። በተወሰኑ ዘርፎች ግን አማካይ ልዩነት ይታያል። የቃላት ዝርዝር ሰምቶ ቆይቶ በማስታወስ ሴቶች በትንሹ ይበልጣሉ። ምልክትን ከቁጥር በፍጥነት በማዛመድም እንዲሁ። ወንዶች ደግሞ አንድን ቅርጽ በአእምሮ አዙሮ በማየት ይበልጣሉ።

«በትንሹ» ስል ምን ያህል? በቃላት ማስታወስ ላይ ያለው ልዩነት በጥናቶች የሚታየውን ያህል ከሆነ፣ ከመንገድ አንድ ሴትና አንድ ወንድ በዕጣ ወስደን ብንፈትን፣ ይህንኑ 100 ጊዜ ብንደጋግመው፣ ሴቷ የምትበልጠው ወደ 57 ጊዜ ያህል ነው። 43 ጊዜ ወንዱ ይበልጣል። ስለዚህ የአንድን ሰው ፆታ አውቆ የማስታወስ ችሎታውን መገመት አይቻልም።

ልዩነቱ ድንጋይ ላይ የተጻፈም አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2014 የታተመ ጥናት በ13 የአውሮፓ አገሮች ከ50 ዓመት በላይ የሆኑ ወደ 31,000 ሰዎችን ተመልክቶ ነበር። የኑሮና የትምህርት ሁኔታ በተሻሻለባቸው ቦታዎችና ትውልዶች ሴቶች ከወንዶች የበለጠ ተጠቃሚ ሆነዋል፤ በማስታወስ ያላቸው ብልጫ ሰፍቷል፤ በሒሳብ ያለው የወንዶች ብልጫ ደግሞ ጠቧል። ተፈጥሮ ብቻ ቢሆን ኖሮ በአንድ ትውልድ እንዲህ አይለወጥም ነበር።

አሁን ወደ አገራችን። በ2016 እ.ኤ.አ. በተደረገው የኢትዮጵያ የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት ከ15 እስከ 49 ዓመት ካሉት ውስጥ ከሴቶች 48 በመቶ፣ ከወንዶች 28 በመቶ ምንም መደበኛ ትምህርት አልነበራቸውም። ይህ በወጣቶቹና በጎልማሶቹ ነው፤ በአያቶቻችን ዘመን የነበረውን አስቡት። ስለዚህ አዲስ አበባ ውስጥ አንድ ምርመራ «ሴቶች ዝቅተኛ ውጤት አመጡ» ካለን መጀመሪያ የምንጠይቀው ስለ ሴት አእምሮ አይደለም። «ስንት ዓመት ተማሩ?» ነው።

ለእናቶች ሁለት ነገር ልጨምር።

አንደኛ፣ ከ45 እስከ 55 ባለው ዕድሜ የወር አበባ ለመቆም ሲቃረብ ብዙ ሴቶች «ጭንቅላቴ ተደፈነ፣ የያዝኩት ነገር ይጠፋኛል» ይላሉ። ይህ ምናባችሁ የፈጠረው አይደለም። ሴቶችን ለዓመታት የተከታተሉ ጥናቶች በዚያ ወቅት አዲስ ነገር የመያዝ ችሎታ ትንሽ እንደሚዳከም፣ ካለፈ በኋላ ግን እንደሚመለስ አሳይተዋል። የእንቅልፍ ማጣትና ወበቁም ያባብሱታል። የመርሳት በሽታ መጀመሪያ ነው ብላችሁ አትደንግጡ።

ሁለተኛው የሚያሳስበኝ ነው። ሴቶች በቃላት ማስታወስ የተሻሉ በመሆናቸው በሽታው በእርግጥ ሲጀምር ለተወሰነ ጊዜ በምርመራው ላይ ደህና መስለው ሊታዩ ይችላሉ። የአሜሪካ ተመራማሪዎች ይህን ደጋግመው አይተውታል። በተለይ የተማሩና ንግግር አዋቂ የሆኑ እናቶች ዘግይተው ነው የሚታወቅላቸው። እናታችሁ «ደህና ነሽ» ተብላ እናንተ ለውጥ ካያችሁ ጉዳዩን አትዝጉት።

5. ትልቁ ልዩነት፦ ትምህርት

እ.ኤ.አ. በ1993 ከ18,000 በላይ አሜሪካውያንን ያካተተ ጥናት የሚኒ ሜንታልን ውጤት በዕድሜና በትምህርት ለይቶ አውጥቶ ነበር። 9 ዓመትና ከዚያ በላይ የተማሩት መካከለኛ ውጤት 29 ነበር። ከ5 እስከ 8 ዓመት የተማሩት 26። ከ0 እስከ 4 ዓመት የተማሩት ደግሞ 22።

አስተዋላችሁ? 22! የፈረንሳይ ለጋሲዮኗ እናት ያገኙት ቁጥር ማለት ነው። ልጅቷን መልሼ ስጠይቃት እናቷ የተማሩት መሠረተ ትምህርት ብቻ ነው። ቁጥሩ የአሜሪካ ስለሆነ ለእኛ እንዳለ አይገለበጥም፤ መልእክቱ ግን ግልጽ ነው። በትምህርት ከሚመስሏቸው ሰዎች መሐል እናትዬው ከመንገዱ መካከል ላይ ናቸው፤ ከዳር አልወጡም።

ታዲያ ያልተማረ ሰው አእምሮው ዝቅተኛ ነው ማለት ነው? በጭራሽ። ፈተናው የሚለካው ትምህርት ቤት የሚያስተምረውን ዓይነት ሥራ ነው፤ ወረቀት፣ እርሳስ፣ ከኑሮ የተነጠለ ቁጥር። እ.ኤ.አ. በ1985 በብራዚል ሬሲፌ ከተማ መንገድ ላይ የሚነግዱ ልጆችን ያጠኑ ተመራማሪዎች የሚገርም ነገር አገኙ። ልጆቹ ሲሸጡ ሒሳቡን ሁሉንም ለማለት ይቻላል በትክክል ይሠሩታል፤ ያንኑ ሒሳብ በወረቀት ሲሰጣቸው ግን አብዛኛውን ይስታሉ።

ሾላ ገበያ የምትነግድ እናትም እንደዚሁ ናት። «ከ100 ላይ 7 እየቀነስሽ ቁጠሪ» ስትባል ልትደናገር ትችላለች። ሦስት ኪሎ ሽንኩርት፣ ሁለት ኪሎ ቲማቲም፣ ግማሽ ኪሎ ቃሪያ ሽጣ ከአምስት መቶ ብር መልስ ስትሰጥ ግን ሳንቲም አትሳሳትም፤ ከዚያ በላይ ደግሞ ማን በዱቤ እንደወሰደ በቃሏ ይዛለች።

ከእንጦጦ የባሕር ዛፍ ጭራሮና ቅጠል ተሸክመው የሚወርዱትን እናቶችና እህቶችም አስቡ። ከ30 ኪሎ በላይ ጭነት በጀርባ አዝለው፣ ቁልቁለቱን ረግጠው፣ የጫካውን መንገድ በቃል ይዘው፣ የቱ ጋ ጥበቃ እንዳለ፣ የቱ ጋ ዝናብ እንደሚያዳልጥ አውቀው፣ ከገዢ ጋር ዋጋ ተከራክረው ይሸጣሉ። ይህ ሁሉ ማስታወስ፣ ማቀድና መወሰን ነው። ከሚኒ ሜንታል ወረቀት ላይ ግን ለዚህ የተመደበ አንድም ነጥብ የለም።

6. የኛ ቀን፣ የኛ ሰዓት፣ የኛ ፊደል

ምርመራው ከውጭ ተተርጉሞ ሲመጣ ሌላም ችግር ይከተላል። ሥራ ላይ የማያቸውን ልንገራችሁ፤ ለሕክምና ባለሙያ ተከታታዮቼም ይጠቅማል።

ቀን፦ «ዛሬ ቀኑ ስንት ነው?» ሲባሉ «ሚካኤል ነው» የሚሉ እናት ትክክል ናቸው፤ ወሩ በገባ በ12ኛው ቀን ነው ማለታቸው ነው። ዓመተ ምሕረቱንም በኛ አቆጣጠር ነው የሚያውቁት።

ቦታ፦ የሚኖሩበትን ወረዳ ሲጠየቁ የድሮውን ከፍተኛና ቀበሌ የሚጠሩ አሉ። አስተዳደሩ ስሙን ደጋግሞ ለወጠው እንጂ እሳቸው አልጠፉም።

ሰዓት፦ በሞካ «አስራ አንድ ሰዓት ከአስር አድርገህ ሰዓት ሣል» ይባላል። በኛ አቆጣጠር አስራ አንድ ሰዓት ሲሆን በአብዛኛው ሰዓት ላይ አጭሩ ቀስት የሚያመለክተው 5 ቁጥርን ነው። ታዲያ አዛውንቱ ቀስቱን 5 ላይ ቢያደርጉ ስህተት ነው? አይደለም። መርማሪው በየትኛው አቆጣጠር እንደሚፈልግ ቀድሞ መናገር አለበት።

ፊደል፦ በእንግሊዝኛው አንድን ቃል ከኋላ ወደፊት ፊደል በፊደል መጥራት ይጠየቃል። እኛ ቃልን በዚያ መልኩ ስንበታትን አላደግንም። «በዚህ ፊደል የሚጀምሩ ቃላት ጥሩ» ሲባልም «በ ብቻ ነው ወይስ ቡ፣ ቢ፣ ባም ይቆጠራል?» የሚለው መለየት አለበት። ከዚህ ይልቅ «በአንድ ደቂቃ የምታውቋቸውን እንስሳት ጥሩ» የሚለው ለኛ ሰው ይሻላል።

ሥዕል፦ በሞካ አንበሳ፣ አውራሪስና ግመል አሉ። አንበሳውን ስድስት ኪሎ አይተውት ይሆናል፤ ግመሉንም ያውቁታል። አውራሪስን ግን በመጽሐፍ ካልሆነ የት ያዩታል?

ትምህርትን ብዙም የማይጠይቁ ምርመራዎችም አሉ። ለምሳሌ ኤች.አይ.ቪ በአእምሮ ላይ የሚያደርሰውን ጉዳት ለማጣራት እ.ኤ.አ. በ2005 የወጣው ከ12 የሚታረም ምርመራ በጣት ፍጥነት፣ በእጅ እንቅስቃሴ ቅደም ተከተልና በአራት ቃላት ማስታወስ ላይ የተመሠረተ ነው። በኡጋንዳም ተሞክሯል፤ በኢትዮጵያ ሆስፒታሎችም ለጥናት አገልግሏል። እዚያም ቢሆን ዕድሜን አንርሳ፤ የ70 ዓመት ሰው ጣት እንደ 25 ዓመቱ አይፈጥንም።

7. የመምህሩስ 27?

ይህኛው ተቃራኒው ስህተት ነው። 40 ዓመት ሲያነቡ፣ ሲጽፉና ሲያስተምሩ ለኖሩ ሰው 24 በጣም ዝቅ ያለ መለያ ነው። አንዳንድ ጥናቶች ኮሌጅ ለጨረሱ ሰዎች መለያው ወደ 27 ከፍ እንዲል ይመክራሉ። መምህሩ ድሮ 30 ያገኙ የነበሩ ከሆነ 27 ራሱ መውረድ ሊሆን ይችላል። የተማረ አእምሮ ቀዳዳውን በሌላ መንገድ ይደፍናል፤ በሽታው ውስጥ ውስጡን እየሄደ ፈተናው ላይ ለጊዜው ያልፋል።

እዚህ ላይ ከወረቀቱ ይልቅ ቤተሰቡ ይበልጣል። ልጁን ምን እንደተለወጠ ስጠይቀው እንዲህ አለኝ፦ በየወሩ ራሳቸው የሚከፍሉትን መብራትና ውሃ ሁለት ጊዜ ደጋግመው ከፍለዋል፤ ለ30 ዓመት የሄዱበት መንገድ ላይ፣ መገናኛ፣ የታክሲው መያዣ ጠፍቷቸዋል፤ ያንኑ ጥያቄ በአንድ ምሽት አምስት ጊዜ ጠይቀዋል። ይህ «ዕድሜ ነው» ተብሎ አይታለፍም። ተጨማሪ ምርመራ ያስፈልጋቸዋል፤ ያንኑ መክሬያቸዋለሁ።

8. ቤት ውስጥ ምን እንመልከት?

ትምህርት የማይገድበው ጥያቄ ይህ ነው፦ ከ10 ዓመት በፊት ከነበሩበት ጋር ሲነፃፀር አሁን እንዴት ናቸው?
- እድርና እቁብ በጊዜው ይከፍላሉ? ሒሳቡን ይከታተላሉ?
- ወጡ ጨው ይበዛበት ወይም ይረሳበት ጀምሯል? ምጣድ ጥደው ትተው ይሄዳሉ?
- ከገበያ፣ ከቤተ ክርስቲያን ወይም ከመስጊድ ወደ ቤት መንገድ ይጠፋቸዋል?
- የቅርብ ዘመድ ሞት ተነግሯቸው በሳምንቱ «እንዴት ነው?» ብለው ይጠይቃሉ?
- ጠባያቸው ተለውጧል? ተጠራጣሪ፣ ዝምተኛ ወይም ግልፍተኛ ሆነዋል?

ቁልፍ የት እንዳስቀመጡ መርሳት ዕድሜ ነው። ቁልፉ ለምን እንደሚያገለግል መርሳት ግን ሌላ ነው። ስም ጠፍቶ መምጣቱ ዕድሜ ነው። ልጅን አለማወቅ ግን አይደለም።

ግራ መጋባቱ ድንገት፣ በሰዓታት ወይም በጥቂት ቀናት ውስጥ ከመጣ ወይም የአካል መስነፍ ካለበት ቀጠሮ አትጠብቁ፤ ያንኑ ቀን ወደ ድንገተኛ ክፍል ውሰዷቸው። ወድቀው ጭንቅላታቸውን የተመቱ ከሆነም እንዲሁ፤ ደም ቀስ ብሎ ተጠራቅሞ ምልክቱ ከሳምንታት በኋላ ሊመጣ ይችላል።

9. ለምርመራ ከመሄዳችሁ በፊት

- መነጽራቸውን ይዘው ይሂዱ። ጆሯቸው በደንብ ካልሰማ ለመርማሪው ንገሩ። ያልሰሙትን ቃል ማስታወስ አይችሉም።
- በሚቀናቸው ቋንቋ ይፈተኑ። አፍ የፈቱት በኦሮምኛ ወይም በጉራጊኛ ከሆነ በአማርኛ መፈተን ነጥብ ያስጥላል።
- ስንት ዓመት እንደተማሩ በትክክል ተናገሩ። የቄስ ትምህርትና የቁርአን ትምህርትም ይጠቀሱ።
- የሚወስዱትን መድኃኒት ሁሉ ይዛችሁ ሂዱ። የእንቅልፍ፣ የጭንቀትና አንዳንድ የአለርጂ መድኃኒቶች አእምሮን ያደበዝዛሉ።
- «ፈተና ነው፣ እንዳትወድቂ» ብላችሁ አታስፈራሩ። ፍርሃት በራሱ ውጤት ይቀንሳል።
- ፈተናው ላይ አጠገባቸው ቁጭ ብላችሁ አትመልሱላቸው። ይህን የሚያደርግ ልጅ ብዙ ነው!
- ውጤቱን አስቀምጡ። ከ6 ወር ወይም ከዓመት በኋላ ሲደገም የሚነፃፀረው ከእሱ ጋር ነው። በየሳምንቱ መደጋገም ግን ፈተናውን ማስለመድ ብቻ ነው።

ውጤቱ በእርግጥ ከወረደ ሊድኑ የሚችሉ ምክንያቶች ቀድመው ይታዩ፦ ድባቴ፣ የቫይታሚን ቢ12 እጥረት፣ የታይሮይድ ዕጢ ማነስ፣ የእንቅልፍ ችግር፣ አልኮል፣ ኤች.አይ.ቪና ቂጥኝ። ድባቴ በተለይ በአዛውንቶች የመርሳት በሽታን መስሎ ይመጣል።

10. አእምሮን የሚጠብቀው ምንድን ነው?

ዕድሜና ፆታ በእጃችን አይደሉም። እ.ኤ.አ. በ2024 የላንሴት መጽሔት የባለሙያዎች ቡድን ግን በሕይወት ዘመን ልንለውጣቸው የምንችላቸውን 14 ነገሮች ዘርዝሯል፤ እነዚህን ማስተካከል ከዓለም የመርሳት በሽታ ወደ 45 በመቶ የሚሆነውን ሊያስቀር ወይም ሊያዘገይ እንደሚችል ገምቷል። ለኛ ቤት የሚቀርቡትን ልጥቀስ፦
- የደም ግፊትና ስኳር፦ ተለኩ፤ መድኃኒት አታቋርጡ። ኮሌስትሮልንም እንዲሁ።
- ጆሮ፦ መስማት የተሳነው ሰው ከጨዋታ ይርቃል፤ አእምሮውም ሥራ ይፈታል። የመስሚያ መሣሪያ ነውር አይደለም።
- ዓይን፦ ሞራ ከሆነ ቀዶ ሕክምናው ቀላል ነው። ዳግማዊ ምኒልክ ሆስፒታል እዚሁ የካ ውስጥ በዓይን ሕክምና የታወቀ ነው።
- እንቅስቃሴ፦ እንጦጦ ፓርክ ቅርባችሁ ነው። ጠዋት ቀስ ብሎ መራመድ ይበቃል።
- ጭስ፦ በር ዘግቶ በማገዶ ማብሰል የሳንባ ብቻ ሳይሆን የአእምሮም ጠላት ነው። መስኮት ክፈቱ።
- ብቸኝነት፦ እድር፣ ማኅበር፣ የቡና ጊዜ... እነዚህ መድኃኒት ናቸው። አያት ለብቻዋ ቴሌቪዥን ፊት አትቀመጥ።
- ትምህርት፦ መቼም አይረፍድም። የልጅ ልጅ ለአያቱ ፊደል ቢያስተምር ሁለቱም ይጠቀማሉ።

ወደ ጠያቂዎቼ ልመለስና ልጨርስ። ለፈረንሳይ ለጋሲዮኗ ልጅ፦ እናትሽ ቤቱን እንደቀድሞው የሚያስተዳድሩ፣ እድራቸውን የሚከፍሉ፣ መንገድ የማይጠፋቸው ከሆነ 22 አያስደነግጥም። ጆሯቸውን፣ ዓይናቸውንና ግፊታቸውን አስለኪ፤ በዓመቱ ይደገምላቸው። ለኮተቤው ልጅ፦ አባትህን ለነርቭ ወይም ለአእምሮ ሐኪም አሳያቸው፤ ያየኸውን ለውጥ ከነቀኑ ጽፈህ ያዝ። ያ ወረቀት ከ27ቱ ነጥብ የበለጠ ለሐኪሙ ይነግረዋል።

ማሳሰቢያ፦ ይህ ጽሑፍ ለግንዛቤ ነው፤ ሐኪማችሁን አይተካም። እናትና አባታችሁ ተመርምረው ውጤቱ ግራ ካጋባችሁ ዕድሜያቸውን፣ ስንት ዓመት እንደተማሩና ቤት ውስጥ ያያችሁትን ለውጥ ጨምራችሁ ጻፉልኝ፤ በሚቀጥለው እመልሳለሁ። አዛውንት ወላጅ ላለው ወዳጃችሁም አጋሩት።

ጤና ይስጥልን፤ ወላጆቻችንን ዕድሜ ከጤና ጋር ያድልልን።